ስም ያልተጻፈበት ሥራ፦ የካሮል ኬይ የሙያ ጉዞ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ ድልድይ ተሠርቶ በሚመረቅበት ዕለት በእብነ በረዱ ላይ ተቀርጾ የሚታየው ስም የመራቂው ባለ ሥልጣን ስም ነው። የምሰሶውን ውፍረትና የብረቱን አደራደር ሌሊት ተቀምጦ ያሰላው ሰው ግን፥ ስሙ ከተገኘ የሚገኘው ከንድፉ ወረቀት ግርጌ ባለችው ጠባብ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ያቺም ወረቀት በአንድ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ስትለብስ ትኖራለች። ይህን በዚህ አዳራሽ የተሰበሰበ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ማስረዳት አያሻም። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ ዕጣ አለመሆኑን ለማየት ያህል ዛሬ የሚቀርበው ታሪክ ከሌላ ሙያ፥ ይኸውም ከሙዚቃ፥ የተወሰደ ነው። ባለታሪኳ አሜሪካዊቷ የጃዝ ጊታርና የቤዝ ጊታር ተጫዋች ካሮል ኬይ ናት። ስሟን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ጣቶቿ ያወጡትን ድምፅ ያልሰማ ግን፥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በገባበት አገር ሁሉ፥ ጥቂት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካሮል ኬይ የተወለደችው ማርች 24 ቀን 1935 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በኤቨረት ከተማ ነው። አባቷ ትሮምቦን ነፊ፥ እናቷ ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ፤ ሁለቱም በሙዚቃ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ሙዚቃ ቤተሰብን አጥግቦ የሚያሳድር እንጀራ አልነበረም። በ1942 ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ ተጉዞ በሎስ አንጀለስ ወደብ አጠገብ በምትገኘው በዊልሚንግተን ሰፈረ። ኑሮው የጠበበ ነበር። ልጅቱ 13 ዓመት ሲሆናት እናቷ ከአንድ ተዘዋዋሪ ነጋዴ እጅ ጊታር ገዛችላት። ከዚያም ሎንግ ቢች ውስጥ ሆራስ ሃቸት ከሚባል መምህር ዘንድ ትምህርት ጀመረች፤ ብዙም ሳይቆይ፥ በ1949፥ ገና በ14 ዓመቷ ራሷ ለሌሎች ማስተማርና በክፍያ መጫወት ያዘች። የተማረችውን ወዲያው ማስተማሯ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ለሌላ ሰው ለማስረዳት የተገደደ ተማሪ እጁ የለመደውን ነገር በአእምሮው ደግሞ ለመፈተሽ ይገደዳልና።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ከሄንሪ ቡሲ ኦርኬስትራ ጋር እየተዘዋወረች ተጫወተች። ከዚያ በኋላ ግን የሕይወቷ እውነተኛ ትምህርት ቤት የሆኑት የሎስ አንጀለስ የምሽት ክበቦች ናቸው። ቀን በጽሕፈት መኪና ላይ ተቀምጣ የቴክኒክ ጽሑፍ ስትመታ ትውላለች፤ ማታ ደግሞ ጊታሯን ይዛ ቢባፕ የሚባለውን የጃዝ ዓይነት ትጫወታለች። ቢባፕ ማለት ፍጥነቱ የሚያስደነግጥ፥ የድምፆቹ ጥምረት በየሁለት ምቱ የሚለዋወጥ፥ ተጫዋቹ ከፊቱ የተጻፈ ነገር ሳይኖር በዚያች ቅጽበት ዜማ እየፈጠረ የሚሄድበት ሙዚቃ ነው። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ አንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር ለምን እንደሚስማማ ያላወቀ ሰው አንዲት ደቂቃ እንኳ አይሰነብትም። ኬይ ኋላ በፖፑ፥ በፊልሙና በማስታወቂያው ሙዚቃ ሁሉ እንደ ቤቷ ልትገባና ልትወጣ የቻለችው ይህን ትምህርት በወጣትነቷ ስለ ጨረሰች ነው። ሁለገብነት ከሁሉም ጥቂት ጥቂት መቅመስ ተደርጎ በሚቆጠርበት ጊዜ፥ የእርሷ ሁለገብነት አንዱን ከባድ ነገር ጠንቅቆ በማወቅ የተገኘ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

በ1957 ቤቨርሊ ካቨርንስ በተባለው ክበብ ስትጫወት በምፕስ ብላክዌል የተባለ አሳታሚ አያትና ሳም ኩክ ለሚቀርጸው «ሰመርታይም» ጊታር እንድትመታ ጠየቃት። ለጃዝ ሰው የፖፕ ዘፈን ማጀብ በዚያን ጊዜ እንደ ውርደት የሚታይ ነበርና ብታመነታ የሚያስደንቅ አይሆንም። ይሁንና የስቱዲዮው ክፍያ የምሽት ክበቡን እጅግ የሚበልጥ ሆኖ አገኘችው፤ የምታሳድጋቸው ልጆች ነበሯት። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ያለውን ምክንያት መጥቀስ ያፍሩበታል፤ ነገር ግን ብዙ ታላላቅ ሥራዎች የተጀመሩት የቤት ኪራይ ቀን በመድረሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሪቺ ቫሌንስ በጎልድ ስታር ስቱዲዮ «ላ ባምባ»ን ሲቀርጽ ምቱን የምትጠብቀውን ጊታር የያዘችው እርሷ ነበረች።

ስለ ስቱዲዮው አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሙዚቀኞች ማኅበር ደንብ አንዱን የቀረጻ ክፍለ ጊዜ በሦስት ሰዓት ወስኖታል፤ ከዚያ ካለፈ ተጨማሪ ክፍያ አለ። ሙዚቀኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ምን እንደሚጫወቱ አያውቁም። ወረቀቱ ከፊታቸው ይቀመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ወረቀት ጨርሶ የለም፤ አዝማሪው ሲያንጎራጉር ሰምተው አጀቡን እዚያው መፍጠር አለባቸው። በሦስቱ ሰዓት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ዘፈን ተጠናቆ ይወጣል። ከዚያ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ሌላው ስቱዲዮ ይሮጣሉ፤ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ። ዘፈኑ በዓለም ሲናኝ በሸክላው ልባስ ላይ የሚታየው የዘፋኙ መልክና ስም ብቻ ነው። በብዙዎቹ ሸክላዎች ላይ የአጃቢዎቹ ስም በደቃቅ ፊደል እንኳ አይገኝም። በዚህ ቡድን ውስጥ ኬይ ለብዙ ዓመታት በወንዶች መካከል ብቻዋን ለመቀመጥ ምንም ያህል ያልቀራት ሴት ነበረች።

በ1963 በካፒቶል ስቱዲዮ ለአንድ ቀረጻ የተጠራው የቤዝ ተጫዋች ሳይመጣ ቀረ። ቤዙን እርሷ እንድትይዝ ተጠየቀችና ያዘች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ጊታሩ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰችም። ምክንያቷም የሚያስፈግግ ያህል ተግባራዊ ነበር፤ ለጊታር ተጫዋችነት በየቀረጻው ሦስትና አራት ዓይነት ጊታር መሸከም ሲያስፈልግ ለቤዝ ግን አንድ መሣሪያ ይበቃል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ጠለቅ ያለ ነው። በአንድ ቀረጻ ላይ ጊታር የሚመቱ አራት አምስት ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ቤዝ ግን የሙዚቃው መሠረት ነውና እርሱን የያዘ ሰው ሕንፃው በሙሉ በየት በኩል እንደሚያዘነብል ይወስናል።

እዚህ ላይ ለመሐንዲስ ጆሮ የሚጥመው ነገር ይመጣል። የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ያኔ ገና ወጣት መሣሪያ ነበር፤ ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን ለገበያ ያቀረበው በ1951 ነው። ቀድሞ የነበረው ቆሞ የሚመታው ትልቁ የእንጨት ቤዝ የክሩ ርዝመት ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፥ የፌንደር ቤዝ ክር 864 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሁለቱም ዝቅተኛ ክር በተለመደው ቅኝት በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይነዝራል። ችግሩ ያለው በዚያን ዘመን ሕዝቡ ሙዚቃ በሚሰማባቸው ትንንሽ የመኪናና የኪስ ሬዲዮዎች ላይ ነው፤ የነዚህ ሬዲዮዎች ድምፅ ማጉያ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በደንብ ማውጣት ይሳነዋል። እንግዲያስ 41 ኸርዝ የሆነው ድምፅ እንዴት ይሰማል? መልሱ ክሩ ሲነዝር 41ን ብቻ ሳይሆን እጥፎቹን፥ ይኸውም 82ን፥ 124ን፥ 165ንና ከዚያ በላይ ያሉትንም ጭምር የሚያወጣ መሆኑ ነው። የሰው ጆሮና አእምሮ እነዚህን እጥፎች ሲሰሙ፥ የጎደለውን መሠረት ራሳቸው አስልተው እንዳለ አድርገው ይሰሙታል። ስለዚህ በትንሽ ሬዲዮ ላይ ቤዙ እንዲሰማ ከተፈለገ የላይኞቹ እጥፎች ጎልተው መውጣት አለባቸው።

ኬይ ይህን በቀመር አልጻፈችውም፤ በእጇ ግን ፈታችው። ክሩን በጣቷ ሥጋ ሳይሆን ፒክ በሚባለው በጠንካራው መምቻ ትመታዋለች። ጠንካራና ጠባብ መምቻ ክሩን በስለት ስለሚለቀው የላይኞቹ እጥፎች ይበረታሉ፤ የምቱም አፍ ጥርት ይላል። ሆኖም እንዲህ የተመታ ክር ረጅም ጊዜ እየጮኸ አንዱ ድምፅ ከሚቀጥለው ጋር ይጨማለቃል። ስለዚህ ክሮቹ ድልድዩን በሚሻገሩበት ቦታ ላይ ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠራ ቁራጭ ጨርቅ በማጣበቂያ ትለጥፋለች። ጨርቁ የንዝረቱን ጉልበት እየመጠጠ ድምፁን ያሳጥረዋል። ክራር የሚመታ ሰው በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን ክሮች እያፈነ የሚፈልገውን ብቻ ሲያሰማ ያየ ሁሉ ማፈን የመጫወት ግማሽ መሆኑን ይገነዘባል። ዋጋው ከጥቂት ሳንቲም የማይበልጥ ይህ ጨርቅ ያስገኘው ውጤት ግን በሎስ አንጀለስ የቀረጻ መሐንዲሶች ዘንድ የሚፈለግ ድምፅ ሆነ፤ ከቀረጻው በኋላ በመሣሪያ ሊታረም የሚገባው ነገር አስቀድሞ በክሩ ላይ ታርሞ ይመጣላቸዋልና።

በዚህ ድምፅ የተሠራውን ሁሉ መዘርዘር አይቻልም፤ የቀረጻዎቿ ብዛት 10,000 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። ከነዚህ ጥቂቶቹን መመልከት ይበቃል። ብራያን ዊልሰን የቢች ቦይስን «ፔት ሳውንድስ» የተባለ አልበም በ1966 ሲሠራ አብዛኛውን አጀብ የተጫወቱት የቡድኑ አባላት ሳይሆኑ እነዚህ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ኬይም በብዙዎቹ ቀረጻዎች ላይ ነበረች። የቤዙን ዜማ ግን የደረሰው ራሱ ዊልሰን መሆኑን እርሷ በተጠየቀች ቁጥር ትናገራለች። የሌላውን ሰው ድርሻ በትክክል ለይቶ መስጠት የራስን ድርሻ ለመጠየቅ መብት የሚሰጥ ነገር ነው። በአንጻሩ በ1967 የወጣው የሶኒና ሼር «ዘ ቢት ጎዝ ኦን» መጀመሪያ በአንድ የድምፅ ጥምረት ላይ ብቻ የቆመ፥ ሕይወት የሌለው ነገር ነበር። ኬይ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ አንድ እየተመላለሰ የሚሄድ የቤዝ ሐረግ ፈጠረችለት፤ ዛሬ ሰው ዘፈኑን የሚያስታውሰው በዚያ ሐረግ ነው። ለዚህ ፈጠራ የደራሲነት ድርሻ አልተከፈላትም፤ የተከፈላት የሦስት ሰዓት ሒሳብ ነው። ላሎ ሺፍሪን ለ«ሚሽን ኢምፖሲብል» የቴሌቪዥን ድራማ በ1966 በአምስት ምት የደረሰውን መክፈቻ ሲያስቀርጽም ቤዙን የያዘችው እርሷ ነበረች። አራት ምት ለለመደ ጆሮ አምስተኛው ምት ሁልጊዜ እንደ ድንገተኛ እንግዳ ነውና፥ ያ ሙዚቃ እንዳይደናቀፍ የሚይዘው ከታች ያለው ቤዝ ነው።

በ1968 የተቀረጸው «ዊቺታ ላይንማን» ግን በተለይ በዚህ ጉባኤ ፊት ሊነሣ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ዘፈኑ የሚናገረው ስለ አንድ የመስመር ሠራተኛ፥ በባዶ ሜዳ ላይ በምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ ስለሚጠግን ብቸኛ ሰው ነው። ስለ ላይንማን የተዘፈነ ዝነኛ ዘፈን ሌላ የሚያውቅ ካለ ቢናገር መልካም ነው። ደራሲው ጂሚ ዌብ፥ ዘፋኙ ግሌን ካምቤል ነው። ካምቤል ራሱ ዝነኛ ከመሆኑ በፊት ለዓመታት ከኬይ ጎን ወንበር ስቦ ጊታር ሲያጅብ የኖረ የስቱዲዮ ሠራተኛ ነበር። ዘፈኑ ሲጀምር እየወረደ የሚመጣውን አጭር የቤዝ ዜማ የፈጠረችው ኬይ ናት። ከዚህም በላይ በዘፈኑ መካከል የሚሰማውን ወፍራም የጊታር ዜማ ካምቤል የተጫወተው ከእርሷ በተዋሰው ዳንኤሌክትሮ በተባለ ባለ ስድስት ክር ቤዝ ነው። እንግዲህ በዚያ ሸክላ ላይ የእርሷ ሥራ በሁለት በኩል አለ፤ አንደኛው በጣቶቿ፥ ሁለተኛው ለባልንጀራ ባዋሰችው መሣሪያ።

በ1969 አካባቢ ሥራው አታከታት። ለዓመታት ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ስትሮጥ የኖረች ሰው የሚያዝላት መሆኑ ግልጽ ነው። ቀረጻውን ለጊዜው ትታ የኤሌክትሪክ ቤዝ አጨዋወት መማሪያ መጽሐፍ ጻፈችና ራሷ በመሠረተችው ማተሚያ በኩል በዚያው ዓመት አሳተመችው፤ ለመሣሪያው ሥርዓት ያለው መማሪያ እጅግ ጥቂት በነበረበት ጊዜ ብዙ ተማሪዎች በእርሱ ተምረዋል። ከዚያም ተመልሳ በ1973 የባርብራ ስትራይሳንድን «ዘ ዌይ ዊ ወር» አጀበች። በ1974 ደግሞ ከጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ከሃምፕተን ሆውስ ጋር «ኖርዘርን ዊንዶውስ» በተባለው አልበም ላይ ተጫውታ ወደ ወጣትነት ፍቅሯ ወደ ጃዝ ተመለሰች። በ1976 የመኪና አደጋ ደረሰባትና ከሥራው አብዛኛውን ለመተው ተገደደች፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በደንብ መጫወት የቻለችው ከ1994 ወዲህ ነው። በእነዚህ ዓመታትና ከዚያም በኋላ ያልተወችው አንድ ሥራ ማስተማር ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንምጣ። ኬይ በዲትሮይቱ ሞታውን ኩባንያ ስም ከወጡት ዝነኛ ዘፈኖች የአንዳንዶቹን ቤዝ የተጫወትሁት እኔ ነኝ ስትል ቆይታለች። ከነዚህም አንዱ የስቲቪ ወንደር «አይ ዋዝ ሜድ ቱ ላቭ ኸር» የተባለው የ1967 ዘፈን ነው። ሞታውን በሎስ አንጀለስም ቅርንጫፍ ነበረውና እዚያ ለኩባንያው መሥራቷን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን የጄምስ ጄመርሰን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ አለን ስሉትስኪና ብዙ የሞታውን ሰዎች እነዚያ ዝነኞቹ ሥራዎች የጄመርሰን ናቸው ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል፤ አብዛኛው ተመራማሪም ያዘነበለው ወደ እነርሱ ነው። ጄመርሰን በ1983 ስለ ሞተ ራሱን ችሎ ሊመልስ አልቻለም። የእርሱም ዕጣ ከእርሷ የተሻለ አልነበረም። ዘመኑን ሁሉ የሞታውንን መሠረት ተሸክሞ ኖሮ ስሙ በኩባንያው ታላቅ አልበም ልባስ ላይ የታተመው በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ላይ ነው።

ስለዚህ የሁለት ሠራተኞች ስም በአንድ ሥራ ላይ ሲጋጭ ይታያል፤ ግጭቱን የፈጠረው ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አይደሉም። የፈጠረው ሸክላውን የሸጠው ወገን ማን ምን እንደ ሠራ መጻፍ ዋጋ የሌለው አድርጎ መቁጠሩ ነው። ከሥራ ላይ መዝገብ ያልያዘ የግንባታ ተቋራጭ ከሃያ ዓመት በኋላ ግድግዳው ሲሰነጠቅ የሚገባበትን ክርክር የሚያውቅ ሰው ይህንንም ይረዳዋል። ደግነቱ በሎስ አንጀለስ በኩል አንድ ነገር ተርፏል። የሙዚቀኞች ማኅበር በየቀረጻው ያስሞላው የነበረው የክፍያ ቅጽ ቀኑን፥ ስቱዲዮውን፥ ሰዓቱንና የተገኙትን ሙዚቀኞች ስም ከነሒሳባቸው የያዘ ነው። ቅጹ የተዘጋጀው ለታሪክ ሳይሆን ለደሞዝና ለጡረታ ነበር። ዛሬ ግን «ፔት ሳውንድስ»ን የመሳሰሉ ሥራዎች ላይ ማን እንደ ተጫወተ ሊታወቅ የቻለው ተመራማሪዎች እነዚያን የክፍያ ወረቀቶች እየገለጡ ስላመሳከሩ ነው። ቅጹም ቢሆን ሁሉን አይመልስም፤ ማን እንደ ነበረ ይናገራል እንጂ የትኛውን ሐረግ ማን እንደ ፈጠረው አይናገርም።

ዝናው ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም በሌላ ስም መጣ። የከበሮ ተጫዋቹ ሃል ብሌን በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ የእነዚያን የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ቡድን «ሬኪንግ ክሩ»፥ እንደ ማለትም «አፍራሽ ጓድ»፥ ብሎ ጠራው፤ በ2008 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ዘጋቢ ፊልምም ስሙን በዓለም አስታወቀው። ኬይ ግን ይህን ስም እስከ ዛሬ አትቀበለውም፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ የጠራን አልነበረም ትላለች። ሌሎች ባልደረቦቿ በዚህ አይስማሙም። ነገሩ ለውጭ ሰው ጥቃቅን ይመስላል፤ ሆኖም ለአርባና ሃምሳ ዓመት ስሟ ሳይጠራ የኖረች ሰው በመጨረሻ ስትጠራ በማን አፍና በምን ስም እንደምትጠራ ግድ ቢላት አያስገርምም።

በ2025 የጸደይ ወራት የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ በሙዚቃ ብቃት ዘርፍ ከሚያከብራቸው ሰዎች መካከል ካሮል ኬይን መረጠ። ዘጠና ዓመቷ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ካሣ ቆጥሮ ይቀበለው ነበር። እርሷ ግን በዚያው ዓመት በጁን ወር በሥነ ሥርዓቱ ላይ እንደማትገኝ በጽሑፍ አስታወቀች። የሰጠችው ምክንያትም ሽልማቱ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች በ1960ዎቹ የሠሩትን ሥራ የሚያሳይ አይደለም፤ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ሁልጊዜ የቡድን አካል ነው እንጂ ብቻውን የሚቆም ባለ ዝና አይደለም የሚል ነው። ለአንዳንዶች ይህ ግትርነት መሰላቸው። ሥነ ሥርዓቱ በኖቬምበር 2025 እዚያው ሎስ አንጀለስ ከተማ ሲከናወን እርሷ በአዳራሹ አልነበረችም።